ፊታቸውን የማናውቃቸው የጥርስ ሐኪሞች

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ጃፓን ተምረው እንደመጡ በዚሁ አምድ ስላነበብኩ ነው እርስዎን የምጠይቀው። ታናሽ ወንድሜ «ኪሴኪ» የሚል የጃፓን ዘፈን ስልኬ ላይ ጫነልኝ። ቋንቋው ባይገባኝም ከአፌ አልጠፋ አለ። ዘፋኞቹ «ግሪን» የሚባሉ አራት ወንዶች ናቸው፤ ግን አንድም የፊታቸው ፎቶ የለም። ወንድሜ በጃፓን ቴሌቪዥን የቀረቡበትን ቪዲዮ አሳየኝና «ይኸው፣ ሰው አይደሉም፣ ኮምፒውተር ነው የሠራቸው» ብሎ ድርቅ አለ። እኔ ደግሞ የጥርስ ሐኪሞች ናቸው ሲባል ሰምቻለሁ። በምሳ ተወራርደናል። ማን ልክ ነው? ሰዎች ከሆኑስ ለምን ይደበቃሉ?
ት.፣ ከደሴ

መልስ፦ ወንድሜ ት.፣ ሰዎች ናቸው። የጥርስ ሐኪምነቱም እውነት ነው። ዓመቶቹን በፈረንጆች አቆጣጠር እየጠራሁ ልንገርህ።

ቡድኑ የተጠነሰሰው በ2002 ኮሪያማ በምትባል ከተማ ነው። ፉኩሺማ ግዛት ውስጥ ናት፤ ከቶኪዮ በሽንካንሰን፣ በፈጣኑ ባቡር፣ 1 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ያህል ያስኬዳል። አራቱም የጥርስ ሕክምና ተማሪዎች ነበሩ። የሚጠሩት ሂዴ፣ ናቪ፣ ኩኒ እና ሶ በሚል ስም ነው። ኩኒ ስሙን በቁጥር ነው የሚጽፈው፦ 92። በጃፓንኛ ዘጠኝ «ኩ»፣ ሁለት «ኒ» ይባላላ! የቡድኑን ስም በላቲን ሲጽፉ አራት «ኢ» ይደረድሩ ነበር፤ ለእያንዳንዳቸው አንድ። አርማቸውም ጥርሱን ገልጦ የሚስቅ አፍ ነው። ሙያቸውን አልደበቁም። የደበቁት ፊታቸውን ብቻ ነው።

ምክንያቱ ሁለቱንም ሥራ መያዝ ስለፈለጉ ነው። የመጀመሪያ ዘፈናቸው በትልቅ ኩባንያ የወጣው በጥር 2007 ነው። በዓመቱ፣ ግንቦት ላይ፣ «ኪሴኪ» ወጣ። «ሩኪስ» የተባለ የቤዝቦል ድራማ ማጀቢያ ሆነና አገሩን አዳረሰ። ከኢንተርኔት ተገዝቶ በመውረድ ከጃፓን ዘፈኖች ቀዳሚው ተብሎ ጊነስ መዝገብ ላይ ሰፈረ። እስቲ አስበው፤ ያን የዘፈነ ሰው ክሊኒክ ውስጥ መልኩ ቢታወቅ፣ ደጅ ላይ የሚሰለፈው በሽተኛ ነው ወይስ አድናቂ?

እኔ ሴንዳይ በምትባል የጃፓን ከተማ ስማር መንጋጋዬን አመመኝ። ጃፓንኛዬ ገና ነበር። ወንበሩ ላይ አስተኙኝና ዓይኔ ላይ ፎጣ ጣል አደረጉልኝ። ሐኪሙ ማስክ እንዳደረገ መጣ። «ካመመዎት ግራ እጅዎን ያንሱ» አለኝ፣ ቀስ ብሎ፣ እንዲገባኝ ሁለቴ። አነሳሁ። ወዲያው መሣሪያውን አቆመ። ሦስት ጊዜ ተመላልሼ የዚያን ሰው ፊት አላየሁም። ድምፁን ግን ዛሬም መንገድ ላይ ብሰማው እለየዋለሁ። ስለ ግሪን ሳስብ ይሄ ነው የሚመጣብኝ። የጥርስ ሐኪም ለታካሚው ድምፅና እጅ ነው።

አንድ ነገር ልጨምርልህ፤ ከሁሉም በላይ ልቤን የነካኝ ይሄ ነው። በመጋቢት 2011 የመሬት መንቀጥቀጥና ሱናሚ ሰሜን ምሥራቅ ጃፓንን መታ። ፉኩሺማ ክፉኛ ከተጎዱት አንዷ ናት። ብዙ አስከሬን በመልክ የማይለይ ሆነ። እንዲህ ሲሆን የሚጠሩት የጥርስ ሐኪሞች ናቸው። ሐኪሙ የሟቹን አፍ ከፍቶ የትኛው ጥርስ እንደተሞላ፣ የትኛው እንደተነቀለ አንድ በአንድ ይመዘግባል። ከዚያ ሰውየው በሕይወት ሳለ ከታከመበት ክሊኒክ ካርድ ጋር ይመሳከራል። በዚያ ሥራ ላይ ከተሰማሩት ሐኪሞች አንዱ ሂዴ ነበር። የልጁን ሬሳ የሚጠብቅ አባት ፊት ታዋቂ ዘፋኝ ሆኖ መቆም ምን ያደርግለታል?

ኮሪያማ ግን ታውቃቸዋለች። ከ2015 ጀምሮ በባቡር ጣቢያዋ ሽንካንሰን ሊነሳ ሲል ከሚሰሙት ዜማዎች አንዱ «ኪሴኪ» ነው። ግጥም የለውም፣ ዜማው ብቻ። ወደ ሴንዳይ ስመለስ ሁልጊዜ በሩ አጠገብ ቆሜ እጠብቀው ነበር። ጥቂት ሰከንድ ይሰማል፣ በሩ ግጥም ይላል፣ ባቡሩ ይነሳል።

አሁን ወደ ወንድምህ። ያየው ቪዲዮ በ2020 የመጨረሻ ምሽት የጃፓን የሕዝብ ቴሌቪዥን ጣቢያ ኤንኤችኬ ያስተላለፈው «ኮሃኩ» የተባለው የዓመት መጨረሻ የዘፈን ዝግጅት መሆን አለበት። በዚያ ዓመት የጣቢያው የጠዋት ድራማ መዝሙር የእነሱ ነበር። ድራማው የፉኩሺማውን ተወላጅ አቀናባሪ የዩጂ ኮሴኪን ሕይወት መነሻ ያደረገ ነው። እናም ተጋበዙ። ፊታቸውን ላለማሳየት በኮምፒውተር በተሠራ ምስል ቀረቡ። ስለዚህ ያየው ነገር እውነት ነው፤ የሰማው ድምፅ ግን የሰው ነው። ኮንሰርት ላይ ደግሞ ከስክሪን ጀርባ ሆነው ጥላቸው ብቻ ይታያል።

አዲስ ዘፈን ከፈለግህ ከ2024 ወዲህ ስማቸው «ግሪን ቦይዝ» ሆኗል፤ በእሱ ፈልግ። ፎቶ ፍለጋውን ግን ተወው፣ አደራ። ምሳው ያንተ ነው። ዘፈኑን ያስለመደህ ወንድምህ ነውና ቡናውን አንተ ጋብዘው።