ፋኑ አንዴ ዞር ብሎ ለሚቆመው ፔንቲየም 3

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሁለቴ አነበብኩት። የአባትሽ አሮጌ ኮምፒውተር፣ ፔንቲየም 3፣ ለዓመታት ጥግ ይዞ ከርሞ፣ አሁን ስታበሪው ፋኑ አንዴ ዞር ይልና ቀጥ ይላል። ስክሪኑ ጨለማ፣ ድምፅም የለም። ውስጡ ደግሞ አባትሽ በፓወር ግዕዝ (በአማርኛ መጻፊያው ፕሮግራም) የጻፏቸው ጽሑፎች አሉ።

በመጀመሪያ እባክሽ ደጋግመሽ ማብራቱን ተይው። አሁኑኑ ከሶኬት ንቀዪው። "ሲሞቅ ይነሳል" እያልኩ ስጫን ስጫን አንድ ደህና ማዘርቦርድ (ሁሉም ክፍል የሚሰካበትን ዋና ሰሌዳ) አቃጥያለሁ።

ከኋላ፣ የመብራት ገመዱ የሚሰካበት አጠገብ፣ ትንሽ ቀይ ማዞሪያ ካለች እያት። 115 ወይም 230 ትላለች። የኛ አገር መብራት 220 ስለሆነ 230 ላይ መሆን አለባት። የአክስቴ ልጅ ከአሜሪካ ያመጣልኝን ኮምፒውተር ይህን ሳላይ ሰክቼው "ጧ!" አለ። የቤቱ መብራት ጠፋ፤ ሽታው ሁለት ቀን አልለቀቀንም። ያንቺው ፋኑ ስለሚነቃነቅ ችግሩ ይሄ አይመስለኝም፤ ግን ማየቱ አይከፋም።

ብዙ ሰው "ባትሪውን ቀይሪ" ይላል። ያቺ ክብ ባለ 3 ቮልት ባትሪ ስትሞት አብዛኛውን ጊዜ የሚጠፋው ቀኑና ሰዓቱ ነው። ርካሽ ናትና ቀይሪያት፤ ተስፋሽን ግን እሷ ላይ አትጣይ።

ፋን ዞር ብሎ ሲቆም ፓወር ሰፕላዩ (የመብራት ገመዱ የሚሰካበት ሳጥን) ጨርሶ አልሞተም ማለት ነው። የሆነ ቦታ ሾርት አግኝቶ ወይም ቮልቴጁ አልረጋ ብሎት ራሱን እያጠፋ ነው። ስለዚህ ሸክሙን አቅልይለት። ካሳውን (የኮምፒውተሩን ሳጥን) በካቻቢቴ ፍቺ፣ አቧራውን በለስላሳ ብሩሽ ጥረጊ። ከዚያ የሃርድ ዲስኩን፣ የሲዲውንና የፍሎፒውን ገመዶች ንቀዪ። የድምፅና የሞደም ካርድ ካለ አውጪ። አንድ ራም (የሜሞሪ ካርድ) ብቻ ይቅር፤ የራሙን ወርቃማ ጥርሶች በእርሳስ ላጲስ ቀስ ብለሽ አሽተሽ መልሺው። አሁን አንዴ ብቻ ሞክሪ። ከተነሳ ያወጣሽውን በየተራ እየመለስሽ ጥፋተኛውን ትይዢዋለሽ፤ በየመሃሉ ገመዱን መንቀል እንዳትረሺ።

ካልተነሳ እኔ የምጠረጥረው ካፓሲተሮቹን ነው። ፕሮሰሰሩ (የኮምፒውተሩ አንጎል የሆነው ቺፕ) ዙሪያ የቆሙትን ትንንሽ ቆርቆሮ መሳዮች አናታቸውን እዪ። ጠፍጣፋ መሆን አለበት። ያበጠ ወይም ቡናማ ነገር የተፋ ካለ ጉዳዩ እሱ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1999 እስከ 2007 አካባቢ በተሠሩ ብዙ ማዘርቦርዶች ላይ ካፓሲተሮቹ ውስጣቸው ያለው ፈሳሽ ጥራት ስላልነበረው በገፍ ተበላሽተዋል። ስታኞ የሚችል የሬዲዮና የቲቪ ጠጋኝ ይቀይርልሻል። ማይክሮፋራዱ እኩል፣ ቮልቱ እኩል ወይም ከፍ ያለ፣ 105 ዲግሪ የሚል፣ ለማዘርቦርድ የሚሆን ዓይነት ይሁን በይው። ከመንቀሉ በፊት ፎቶ ያንሳ፤ የተገለበጠ ካፓሲተር ይፈነዳል።

ማዘርቦርዱ ንጹሕ ከሆነ ሌላ ፓወር ሰፕላይ ተውሰሽ ሞክሪ። የራሱን ግን እንዳትከፍቺው! ከሶኬት ከተነቀለ በኋላም ውስጡ ከ300 ቮልት በላይ ይዞ ሊቆይ ይችላል። እኔን አንዴ ይዞኛል፤ እጄ እስከ ትከሻ ደንዝዞ ነበር።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። አንቺ የምትፈልጊው ጽሑፎቹን ከሆነ ኮምፒውተሩ የግድ መነሳት አያስፈልገውም። ሃርድ ዲስኩን ብቻ አውጪው። ሰፊ ገመድ የሚሰካበት ባለ 40 እግሩ አይዲኢ ከሆነ፣ ወደ ዩኤስቢ የሚቀይር ገመድ ይሸጣል። የራሱ የመብራት አዳፕተር ያለውን ግዢ፤ ዩኤስቢ ብቻውን ያንን ዲስክ አያስነሳውም። ላፕቶፕሽ ላይ ሰክተሽ በመጀመሪያ ሁሉንም ቅጂ፣ ማንበቡ በኋላ ይደርሳል። እኔ ብሆን ጥገናውን የምጀምረው ይሄን ከጨረስኩ በኋላ ነው።

ፋይሉን ስትከፍቺ የላቲን ፊደልና ምልክት ተደበላልቆ ካየሽ አትደንግጪ። ፓወር ግዕዝ ከዩኒኮድ (ዛሬ ሁሉም ኮምፒውተር ከሚጠቀምበት የጋራ የፊደል ኮድ) በፊት በነበረው አሠራር የአማርኛውን ቅርፅ የሚያሳየው በራሱ ፎንት ነው። ከዚያው ዲስክ ዊንዶውስ ፎልደር ውስጥ ፎንትስ የሚለውንም አብረሽ ቅጂ፤ ፎንቶቹን ላፕቶፕሽ ላይ ስትጭኚ የአባትሽ ጽሑፍ ይመለሳል።

ካሳውን ስትከፍቺ ፕሮሰሰሩ አካባቢ ያለውን በቅርብ ፎቶ አንሺና ላኪልኝ፣ አይቼ እነግርሻለሁ።