ለታብሌት ስዕልና ፎቶ የትኛው አፕ? ከጅማ የሠራሁበትን ልንገርሽ

ሰላም እህቴ። 4 ጊጋ ራም ያለው አንድሮይድ ታብሌት ገዝተሻል። የጅማ በርጩማና የቡና ሥነ ሥርዓት እየሳልሽ ፖስትካርድ ልትሸጪ አስበሻል። ፎቶም ማስተካከል ትፈልጊያለሽ፤ በየወሩ መክፈል ግን አልችልም ብለሻል። እኔም እዚሁ ጅማ፣ መርካቶ አካባቢ በታብሌት መሥራት ከጀመርኩ አምስት ዓመት ሊሞላኝ ነው።

በመጀመሪያ ለአፕ ብር አታውጪ። ክሊፕ ስቱዲዮ ፔይንት የሚባለው የስዕል አፕ ግሩም ነው፤ ታብሌት ላይ ግን በየወሩ ወይም በየዓመቱ ይከፈልበታል። ሥራ የሌለበት ወር ላይም ሒሳቡ ይመጣል። ሌላው የስዕል አፕ ፕሮክሪኤት አንዴ ተከፍሎ ያልቃል፤ ግን አይፓድ ላይ ብቻ ስለሚሠራ ላንቺ አይሆንም።

ለፎቶ ስናፕሲድ ይበቃሻል። የጉግል ነው፤ ነፃ ነው፤ ማስታወቂያ የለውም፤ ያለ ኢንተርኔትም ይሠራል። ዝናቡ ሲበረታ ኔትወርኩ እንዴት እንደሚሆን ታውቂያለሽ፣ ስለዚህ ይሄ ለእኛ ትልቅ ነገር ነው። «ሰሌክቲቭ» የሚለውን መሣሪያ ቶሎ ተለማመጂው። በረንዳ ላይ ቡና የምታፈላ ሴት ስታነሺ ከኋላዋ ያለው ሰማይ ነጭ፣ ፊቷ ደግሞ ጨለማ ሆኖ ይወጣል። ሙሉ ፎቶውን ካበራሽው ሰማዩ ጭራሽ ይጠፋል። ፊቷን ነካ አድርጊ፣ በሁለት ጣት ስፋቱን ወስኚ፣ ከዚያ ብርሃኑን እዚያ ብቻ ጨምሪ። ፎቶውን የሚያቋርጥ የመብራት ሽቦ ካለ «ሂሊንግ» ያነሳልሻል።

ለስዕል አይቢስ ፔይንት ኤክስን እመክርሻለሁ። ነፃ ነው፤ ማስታወቂያ ግን አለው። የተቆለፉ ብሩሾችን ማስታወቂያ በማየት ለተወሰነ ሰዓት ትከፍቻቸዋለሽ። ማስታወቂያው ከሰለቸሽ አንዴ ከፍለሽ ማስወገድ ይቻላል። እጅ ሲንቀጠቀጥ መስመሩን የሚያቃናልሽ ነገር አለው፤ የበርጩማውን ክብ መቀመጫ ስትስዪ ታመሰግኚዋለሽ። የእርሳስ ንድፍ ብቻ ከሆነ ግን ስኬችቡክ ይቀላል፤ ገጹ ንጹሕ ነው፣ አይረብሽም። ክሪታም ሙሉ በሙሉ ነፃ ነው፤ ለ4 ጊጋ ግን ይከብዳል።

እኔ አይቢስን የመረጥኩበት ዋናው ምክንያት ፊደላችን ነው። ፖስትካርድሽ ላይ «ጅማ» ብለሽ መጻፍሽ አይቀርም። አይቢስ የራስሽን ፎንት (የፊደል ቅርጽ) እንድታስገቢ ይፈቅዳል። ኖቶ ሰሪፍ ኢትዮፒክንና አቢሲኒካን በነፃ አውርደሽ አስገቢ፤ ሁለቱም ለሽያጭ ሥራ የተፈቀዱ ናቸው። ፊደሉ ሲያምር ስዕሉም ይከበራል።

አሁን እኔን ያስለቀሰኝን ልንገርሽ። ጅሬን ያለውን የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት፣ ያን በእንጨት የተጠረበ በረንዳውን፣ አንድ ሳምንት ሙሉ ሳልኩት። አፑ ሲከፈት በሰጠኝ መጠን ነበር የጀመርኩት። ስክሪን ላይ አንጀት ያርሳል! ደንበኛዬ በትልቁ ይታተምልኝ አለና ማተሚያ ቤት ወሰድኩት። የበረንዳው ጥርብ ሁሉ ወደ ጥቃቅን አራት ማዕዘን ተለወጠ። እንደገና ሳልኩት። ስለዚህ የካንቫሱን፣ ማለትም የምትስዪበትን ገጽ፣ መጠን ገና ሳትጀምሪ ወስኚ። ለኤ4 ጥራት ያለው ህትመት 2480 በ3508 ፒክሰል ያስፈልጋል፤ ይህም 300 ዲፒአይ፣ ማለትም በአንድ ኢንች 300 ነጥብ ማለት ነው። ፖስትካርድ ከዚያ ያንሳል፤ ግን በኤ4 ስለሽ ብታሳንሺው ይሻላል፣ ነገ ትልቅ የሚፈልግ ሰው ይመጣል።

መጠኑ ሲያድግ ግን ታብሌቱ ይጨነቃል። በዚህ መጠን አንድ ሌየር (ስዕሉ ላይ የሚደረብ ግልጽ ንጣፍ) ብቻ ወደ 35 ሜጋባይት ሜሞሪ ይይዛል። ኤ3 ካደረግሽው እጥፍ ይሆናል። ሃያ ሌየር ከደረደርሽ ያንቺ ታብሌት መንተባተብ ይጀምራል፤ አንዳንዴም አፑ ራሱ ይዘጋል። ንድፉን፣ መስመሩን፣ ቀለሙን፣ ጥላውን ለየብቻ ያዢ። ያለቀውን ከሥሩ ካለው ጋር አዋህጂ። ሳታዋህጂ በፊት ግን አንድ ኮፒ ሜሞሪ ካርድ ላይ አስቀምጪ።

በቴሌግራም የሚዞሩትን ክራክ የተደረጉ፣ ማለትም ክፍያቸው ያለ ፈቃድ የተሰበረ አፖች ተያቸው፤ ስልክ ቁጥርሽም የባንክ አፕሽም ያለው እዚያው ታብሌት ላይ ነው።

ለአፕ ያሰብሽውን ብር ለፔን አውዪው። ጫፉ ጎማ የሆነው ርካሽ ፔን የጣት ምትክ ነው፤ ብትጫኚውም ባትጫኚውም መስመሩ አንድ ዓይነት ነው። ግፊት የሚያነብ ፔን ግን ስትጫኚ ያወፍራል፣ ስታላሊ ያቀጥናል። የጀበናውን ጭስ በእሱ ስትስዪ ልዩነቱን ታዪዋለሽ። ብቻ ሁሉም ፔን ለሁሉም ታብሌት አይሠራም፤ ሱቅ ስትሄጂ ታብሌቱን ይዘሽ ሂጂና እዚያው ሞክሪው። ከዚያ በፊት የታብሌትሽን ሞዴል እዚህ ጻፊልኝ፤ የትኛውን ፔን እንደሚቀበል አብረን እናያለን።