በጋራው ማሳረፊያ ላይ የማይሞላው ድሮን

ከሱሉልታ የጻፉልን ጠያቂ፣ ከሦስት ጎረቤቶቻቸው ጋር አዋጥተው በተከሉት ያለ ገመድ ቻርጅ በሚያደርግ ማሳረፊያ ላይ ድሮናቸው ሲያርፍ ጥቂት ደቂቃ ሞልቶ እንደሚያቆምና ሆዱ እንደሚግል፣ የጎረቤታቸው ድሮን ግን እዚያው ላይ ያለ ችግር እንደሚሞላ ገልጸዋል። ድሮኑ ቀደም ሲል ወድቆ እግሩ ተሰብሮ እንደነበርና እንዳስጠገኑትም አክለዋል።

የሌላው ሰው ድሮን ከሞላ ማሳረፊያውን አይፍቱት። እኔ የምጠረጥረው ያንን ጥገና ነው። ከሁሉ በፊት ግን ባትሪውን አውጥተው ይመልከቱት፤ ጥቂትም ቢሆን አብጦ ከሆነ ከእንግዲህ በየትኛውም መንገድ ቻርጅ እንዳያደርጉት።

የሆዱን ክዳን ሲከፍቱ ክብ የመዳብ ጥቅልል ያገኛሉ። ከጀርባው ፌራይት የሚባል ጥቁር ስስ ገበታ ሊኖር ይገባል። የማሳረፊያው ጥቅልል በሴኮንድ እጅግ ብዙ ሺህ ጊዜ አቅጣጫውን የሚቀያይር መግነጢሳዊ መስክ ይፈጥራል፤ የድሮኑ ጥቅልል ደግሞ መስኩን ወደ ኤሌክትሪክ ይመልሰዋል። ፌራይቱ መስኩን ሰብስቦ በጥቅልሉ በኩል ያሳልፈዋል እንጂ ከበላዩ ወዳለው ብረትና ባትሪ እንዲዘልቅ አይለቀውም። ነገር ግን እንደ ሸክላ ተሰባሪ ስለሆነ ድሮን ሲወድቅ ብዙ ጊዜ ይሰነጠቃል፤ አንዳንድ ጠጋኞችም አውጥተው ይጥሉትና በቦታው የአሉሚኒየም ፕላስተር ይለጥፋሉ። በአሉሚኒየሙ ውስጥ የሚሽከረከር ጅረት ይነሳል፤ ጅረቱ ብረቱን ያግለዋል፣ የመጣበትንም መስክ ይቃወማል። በኢንዳክሽን ምድጃ ላይ የተጣደ ድስት የሚግለውም በዚሁ ዓይነት ጅረት ነው። ጠጋኙ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ድሮንዎን ድስት አድርጎታል። የሊቲየም ባትሪ ሙቀት ከ45 ዲግሪ ሴልሺየስ ግድም ሲያልፍ መቆጣጠሪያው መሙላቱን ያቋርጣል፤ ያዩት መቆም ይኸው ይመስለኛል።

ፕላስተሩን ልጠው ያጽዱና በጥቅልሉ ልክ የተቆረጠ ፌራይት ይለጥፉ። በርካሽ የሚሸጠውን፣ ስሙ ፌራይት ሆኖ የቀለም ወረቀት የሆነውን አይግዙ፤ ማግኔት ሲያስጠጉበት ካልሳበው ይመልሱት። ቀጥሎ አዲሶቹ እግሮች ከቀድሞዎቹ ይረዝሙ እንደሆነ ይለኩ። ጥቅልሉ 10 ሴንቲሜትር ስፋት ቢኖረው፣ በሁለቱ ጥቅልሎች መካከል ያለው ክፍተት ከ1 ወይም ከ2 ሴንቲሜትር ባይበልጥ ይመረጣል፤ ክፍተቱ ሲሰፋ የሚተላለፈው ኃይል በፍጥነት ይወርዳል።

ባለ 4 ሴል ባትሪ ሲሞላ በቴስተር 16.8 ቮልት ገደማ ማሳየት አለበት። ይህን ሳያዩ በማዶ ያለውን ማሳረፊያ ተማምነው ሩቅ አይብረሩ፤ በሱሉልታ ከፍታ አየሩ ስስ ስለሆነ ሞተሩ ባሕር ጠረፍ ላይ ከሚበላው የበለጠ ኃይል ይበላል። የመጀመሪያውን ሙከራ አጠገቡ ቆመው ይከታተሉት። ያበጠ ባትሪ ደግሞ፣ ደግሜ እላለሁ፣ ማሳረፊያው ላይ አይቀመጥ፤ የአራታችሁም ንብረት ነውና በእርስዎ ባትሪ ቢነድ የሦስቱ ጎረቤቶችዎም ድርሻ አብሮ ይነዳል።