«፡፡» እና «።» አንድ አይደሉም

አንድ አንባቢ እንዲህ ሲሉ ጠይቀውኛል፦ «ዓረፍተ ነገር ስጨርስ ሁለት ነጥብን ሁለቴ እመታለሁ። ለዓይን ያው አራት ነጥብ ነው። ልጄ ግን ስህተት ነው አለችኝ። ማናችን ነን ልክ?»

ልጅዎ ልክ ናት። ይህ ጉዳይ ስንት ዓመት ሲያንገበግበኝ ስለኖረ ትንሽ ዘርዘር ላድርገው።

እኛ የምናየው ነጥቡን ነው፤ ኮምፒውተር የሚያየው ቁጥሩን ነው። የዓለምን ፊደላት ለኮምፒውተር በቁጥር የሚመዘግበው ዩኒኮድ እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው 3.0 እትሙ ፊደላችንን ሲያስገባ ለእያንዳንዱ ምልክት የራሱን ቁጥር ሰጠው። ሁለት ነጥብ 1361 ነው፣ አራት ነጥብ 1362። ጎረቤታሞች ናቸው እንጂ አንድ አይደሉም። ከዚያ በፊት እያንዳንዱ የግዕዝ ሶፍትዌር ፊደሉን በመሰለው ቦታ ያስቀምጥ ስለነበር፣ በአንዱ የተጻፈ ደብዳቤ በሌላው ሲከፈት የላቲን ፊደል ዝብርቅርቅ ሆኖ ይወጣ ነበር። ከዚያ ጣጣ ያወጣን «ለአንድ ምልክት አንድ ቁጥር» የሚለው ስምምነት ነው። «፡፡» ስንጽፍ እሱን በገዛ እጃችን እናፈርሳለን።

ባለፈው ለእርማት የመጣልኝን 200 ገጽ ጽሑፍ ከፍቼ «።» ፈለግሁ። አንድም የለም! ለኮምፒውተሩ ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው ያለቀ ዓረፍተ ነገር አልነበረም።

«ነጥብ» ራሱ ከግዕዙ «ነጠበ» የመጣ ነው፤ ጠብ አለ፣ ተንጠባጠበ ማለት ነው። ነጠብጣብም የዚያው ቤት ልጅ ነው። ሁለት ነጥብ ደግሞ ድሮ ነጥብም አልነበረም። በሳባ የድንጋይ ጽሑፎች ላይ ቃልን ከቃል የሚለየው ቀጥ ብሎ የቆመ ሰረዝ ነበር። መልኩ ተቀየረ እንጂ ሥራው ያው ቃል መለየት ነው፤ ዩኒኮድም «የቃል ክፍተት» ብሎ ነው የመዘገበው። እንግዲህ ሁለት ቃል መለያ አከታትለን ስንጽፍ በመካከላቸው ባዶ ቃል አለ እያልን ነው።

«አራት ነጥብ እኮ ድሮም ሁለት ነጥብ ተደርቦ የተወለደ ነው» የሚሉ አሉ። ሊሆን ይችላል። ግን ትውልዱ ሌላ፣ ዛሬ የቆመበት ሌላ። ሟ ውስጥ ሙም አም ይሰማሉ፤ ሆኖም «ሟች»ን «ሙአች» ብለን አንጽፍም።

ብዙ የአማርኛ ኪቦርዶች የእንግሊዝኛውን ኮለን (:) ሁለቴ ሲመቱ ራሳቸው ወደ «።» ይቀይሩታል፤ ልማዱ የተስፋፋው ከዚህ ይመስለኛል። የእርስዎ ካልቀየረ «።» ከምልክቶቹ መካከል ለብቻው መኖሩን ይዩ። እስካሁን የጻፉትን ደግሞ «ፈልገህ ተካ» በሚለው ትእዛዝ በአንድ ጊዜ ያርሙታል።

አንድ ነገር ግን ልናዘዝ። እኔ በቃላት መካከልም ሁለት ነጥብ እንዲመለስ ነው የምፈልገው። ብራና ላይ እያንዳንዱ ቃል በሁለት ነጥብ ታጥሮ ሲቀመጥ ያምራል፤ ባዶ ቦታ ለእኔ ቀዳዳ ነው። ነገር ግን ጋዜጣውም መጽሐፉም ስልኩም በባዶ ቦታ ሄዷል፣ አንባቢም አልተቸገረም። «፧»ም በ«?» ከተተካ ቆየ። እያቃጠለኝም ቢሆን ተቀብያለሁ። በእስክሪብቶ ስጽፍ ግን ዛሬም፡እንዲህ፡አድርጌ፡ነው።