ዜማ የሚሠራ ፕሮግራም ለምትጽፉ ልጆች

ሰላም ልጆቼ፣

ኮምፒውተር ሳይንስ እየተማራችሁ ሙዚቃ የምትወዱ ልጆች ደጋግማችሁ የምትጠይቁኝ ነገር አለ። «ጋሼ፣ ኮምፒውተር በራሱ ዜማ መፍጠር ይችላል?» ትሉኛላችሁ። ዕድሜዬን ሙሉ ሶፍትዌር ስጽፍ ኖሬያለሁ። ያደግሁት ደግሞ መንዝ ውስጥ፣ ዋሽንትና ማሲንቆ እየሰማሁ ነው። ጥያቄው የኔም ጥያቄ ነው። መልሴን ላስቀድም። ማሽኑ ዜማ ያወጣል፤ ያውም በገፍ። ካወጣው ውስጥ የቱ እንደሚያዝና የቱ እንደሚጣል የሚለየው ግን ጆሮ ነው። ስለዚህ ለኮዱ የምትሰጡትን ጊዜ ያህል ለጆሯችሁም ስጡ።

ነገሩ ዛሬ የተጀመረ አይደለም። አዳ ላቭሌስ በ1843 እ.ኤ.አ. ቻርልስ ባቤጅ ስላቀደው የስሌት ማሽን ስትጽፍ፣ የድምፆች ዝምድና በሚገባ ከተገለጸለት ማሽኑ ሙዚቃ ሊደርስ እንደሚችል ገምታ ነበር። እዚያው ጽሑፏ ላይ ግን ማሽኑ ማዘዝ የምናውቀውን ይሠራል እንጂ ከራሱ የሚያመነጨው የለም ብላለች። በ1957 እ.ኤ.አ. ሌጃረን ሂለርና ሌናርድ አይዛክሰን ኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ በነበረው ኢሊያክ ኮምፒውተር ለአራት ባለ አውታር መሣሪያዎች የሚሆን ድርሰት አሠሩ። ኮምፒውተሩ በዘፈቀደ ቁጥር ያወጣል፤ ቁጥሩ ኖታ ይሆናል፤ ሕግ የጣሰው ይጣላል፤ ያለፈው ይቀመጣል። በመጨረሻው ክፍል ላይ ደግሞ የማርኮቭ ሰንሰለት ተጠቀሙ፤ ይህ ቀጣዩን ድምፅ ከፊቱ በመጣው ድምፅ ላይ ተመሥርቶ በዕድል የሚመርጥ ዘዴ ነው። ዛሬ አንድ መስመር ጽፋችሁ ሙሉ ዘፈን የሚያወጡላችሁ ፕሮግራሞች ከዚያ በጣም ርቀዋል። ለመማር ግን የድሮውን እመክራችኋለሁ። ውስጡ ይታያል።

ደብረ ብርሃን የሚማር አንድ ልጅ በቅርቡ ይህንኑ ሠራ። ከቅኝቶቻችን አንዱ የሆነውን የትዝታን ሜጀር ወሰደ። አምስት ድምፅ ነው፦ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ። ከቀረጻ የጻፋቸውን ዜማዎች ለፕሮግራሙ ሰጠና ከእያንዳንዱ ድምፅ ቀጥሎ የትኛው ስንት ጊዜ እንደሚመጣ አስቆጠረ። አምስት በአምስት፣ 25 ሳጥን ያለው ሠንጠረዥ ወጣለት። ከዚያ ፕሮግራሙ በሠንጠረዡ መሠረት ዕጣ እያወጣ ድምፅ ይቀጥላል። ለዚህ ትልቅ ማሽን አያስፈልግም፤ ኢንተርኔትም አያስፈልግም። ያረጀ ላፕቶፕ ይበቃል፤ መብራት ቢጠፋ እንኳ ባትሪው እስኪያልቅ ይሠራል።

ልጁ ያደረገው ጥሩ ነገር ቀጥሎ ያለው ነው። ውጤቱን ለጓደኞቹ ብቻ አላሰማም። ላፕቶፑን ይዞ ማሲንቆ የሚጫወቱ አንድ አባት ዘንድ ሄደ። ሰውየው ዝም ብለው ሰሙና «ቅኝቱስ ትዝታ ነው፣ ልጄ። ግን አያርፍም» አሉት።

ይህ ከማንም አስተማሪ የማይገኝ እርማት ነው። ምክንያቱ ኮዱ ውስጥ ተቀምጧል። ፕሮግራሙ የሚያስታውሰው አንድ ድምፅ ወደ ኋላ ብቻ ነው። ከየት እንደተነሣ ስለማያውቅ ወዴት እንደሚመለስም አያውቅም። ታዲያ የሚያስታውሰውን እናርዝምለት ብትሉ፣ ሁለት ድምፅ ወደ ኋላ ሲያይ ሠንጠረዡ 125 ሳጥን ይሆናል፤ ሦስት ሲያይ 625። የሰበሰባችሁት ዜማ ጥቂት ከሆነ አብዛኛው ሳጥን ባዶ ይቀራል። ያኔ ፕሮግራሙ የሰጣችሁትን ዜማ ቁርጥራጭ እንዳለ መልሶ ይዘፍንላችኋል። ትንሽ ካስታወሰ ይባዝናል፤ ብዙ ካስታወሰ ይቀዳል። መሐል ያለው ቦታ ላይ ብዙ ምሽት ብታጠፉ አይቆጫችሁም። የፈጠራ ጥያቄ በቁጥር ሆኖ የሚታያችሁ እዚያ ነው።

ማረፉን በተመለከተ ግን መፍትሔው ያለው ከግጥሙ ዘንድ ይመስለኛል። የወል ቤት የሚባለው የግጥም ዓይነት ስንኙ 12 ቀለም (በአንድ ትንፋሽ የሚነገር የቃል ክፍል) አለው። ስድስት ላይ ይከፈላል። ዘፋኙ እዚያ ትንፋሽ ይወስዳል፤ ዜማውም አብሮት ያርፋል። እንግዲህ ፕሮግራሙ ድምፅ ብቻ ሳይሆን ቀለምም እንዲቆጥር አድርጉት። ስንኙ ግማሽ ላይ ሲደርስ አንድ ዓይነት ዕድል፣ ቤት ሲመታ ሌላ ዓይነት ዕድል ይኑረው። ለልጁም ይህንኑ ነገርኩት። እየሞከረው ነው፤ እኔም ውጤቱን በጉጉት እጠብቃለሁ።

አንድ ወጥመድ አለ። የምታወርዷቸው የሙዚቃ መሣሪያ ፕሮግራሞች አብዛኞቹ የተሠሩት ለፒያኖ ጆሮ ነው። ኦክታቩን (ከአንድ ዶ እስከ ቀጣዩ ዶ ያለውን ርቀት) 12 እኩል ቦታ ይከፍሉታል፤ የእያንዳንዱ ድምፅ የርግብግቢት ፍጥነት ያለፈው በ1.0595 ሲባዛ የሚገኘው ነው። ማሲንቆ ግን አንድ የፈረስ ጭራ አውታር ነው። ጣት የሚያርፍበትን ቦታ የሚወስነው ተጫዋቹ ነው፤ ጣቱም ይንሸራተታል። ቀረጻውን ወደ ሚዲ (ድምፅን በኖታ ቁጥር ወደሚይዝ የኮምፒውተር አጻጻፍ) ቀይራችሁ ከ0 እስከ 127 ያለውን የኖታ ቁጥር ብቻ ከያዛችሁ መንሸራተቱ ይጠፋል። ኮምፒውተሩም የጠፋውን ሊማር አይችልም። ይልቅ የድምፁን ቁመት በኸርዝ (በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚርገበገብ)፣ በየ10 ሚሊሰከንዱ መዝግቡና በግራፍ ሳሉት። የትዝታና የባቲ ቅኝት ድምፆች በእርግጥ የት እንደሚያርፉ በዓይናችሁ ታያላችሁ። ይህ ብቻውን ጥሩ የመመረቂያ ሥራ ይወጣዋል።

በነገራችን ላይ ይህን ችግር የኛ ሊቃውንት ቀድመው አስበውበታል። የአብነት ትምህርት ቤት ደጃፍ ከደረሳችሁ የቤተ ክርስቲያን ዜማ የተጻፈበትን የድጓ መጽሐፍ እንዲያሳዩዋችሁ ጠይቁ። ከንባቡ በላይ ድፋት፣ ሂደት፣ ርክርክ የሚባሉ ምልክቶች አሉ። የሚነግሩት የድምፁን እንቅስቃሴ ነው። ከነሱ ጋር የሚጻፉት ትንንሽ ፊደላት ደግሞ የታወቀ የዜማ ሐረግ ያስታውሳሉ። ለኮምፒውተር ዜማ እንዴት ልጻፍ ብላችሁ ስትጨነቁ፣ ከነጠላ ኖታ ይልቅ ሐረግን መነሻ ማድረግ እንደሚቻል ከዚያ ትማራላችሁ። መሪጌታውን በትሕትና ቅረቧቸው፤ በደስታ ያስረዷችኋል።

ጥር ሲገባ ሰርግ ቤት ሂዱና አዝማሪውን በደንብ አስተውሉ። አንዱ «ተቀበል!» ብሎ ግጥም ይሰጠዋል። እሱ ያንን እየዘፈነ የሰውን ፊት ያያል። ሰው ሲስቅ ያንኑ ይደግማል፤ ሰው ሲቀዘቅዝ ይተወዋል። ማርጋሬት ቦደን የተባሉ ምሁር ፈጠራን ሦስት ዓይነት ብለውታል፤ የታወቁ ነገሮችን ማጣመር፣ በሕጉ ውስጥ መንቀሳቀስና ሕጉን ራሱን መለወጥ። የልጁ ፕሮግራም ሁለተኛው ዘንድ ነው ያለው። አዝማሪው ግን በአንድ ምሽት ከአንዱ ወደ ሌላው ሲዘል አይቻለሁ። የሚያዘልለው ደግሞ የሚሰማው ሰው ነው። የናንተ ፕሮግራም ሰሚ የለውም። እስኪኖረው ድረስ ሰሚው እናንተ ናችሁ። መቶ ዜማ ሲያወጣ መቶውንም ቁጭ ብላችሁ ስሙ፤ የጣላችሁትን ለምን እንደጣላችሁት በደብተር ጻፉ። ያ ደብተር ከኮዱ ይበልጥብኛል።

በመጨረሻ ስለ ቀረጻ። ስልክ ደግኖ የሰው ዜማ መቅዳት ቀላል ሆኗል። ከመቅዳታችሁ በፊት ለምን እንደምትፈልጉት ለባለሙያው በሚገባው ቋንቋ አስረዱ። ፈቃዱን ጠይቁ፤ ላጠፋው ጊዜ ክፈሉት፤ ስሙ እንዲጠቀስ ይፈልግ እንደሆነ ጠይቁት። «ለማሽን ማስተማሪያ አልሰጥም» ካለ አትከራከሩት። ፈቅዶ ከሰጣችሁ ደግሞ ፕሮግራሙ ያወጣውን ዜማ ሌላ ቦታ ከማሰማታችሁ በፊት ይዛችሁለት ሂዱ፤ የራሱን ዜማ ሰርቆ እንደሆነ ከማንም በፊት የሚያውቀው እሱ ነው።