የተማሪዎች ማቋረጫ ምልክት ለማን ይናገራል? ከደሴ የቀረበ ጥያቄና መልስ

የተከበራችሁ አንባብያን፣ እንደምን ሰነበታችሁ። በደሴ ከተማ ለረጅም ዓመታት ለመንጃ ፈቃድ ሠልጣኞች የመንገድ ምልክቶችን ሳስተምር የኖርሁ ሰው ነኝ። ትምህርት ቤቶች በሚከፈቱበት በዚህ ወቅት ስለ ተማሪዎች ማቋረጫ ምልክት ልታውቁ የምትሹትን ጠይቁኝ ብዬ ስለነበር፣ ከወሎ ልዩ ልዩ ከተሞች የደረሱኝን ጥያቄዎች እንደ አመጣጣቸው እመልሳለሁ።

ጥያቄ (መምህርት፣ ከሐይቅ)፦ ጋሼ፣ ተማሪዎቼ ምልክቱ ለምን ሦስት ማዕዘን እንደሆነ ጠየቁኝና የማሳምናቸው መልስ አጣሁ።

መልስ፦ እታለም፣ ልጆቹ የጠየቁት ዋናውን ነገር ነው። ሹፌር ምልክትን ከሩቅ ሲያይ ሥዕሉን ከመለየቱ በፊት ቅርጹንና ቀለሙን ይለያል፤ ስለዚህ ቅርጹ ብቻውን መናገር መቻል አለበት። ጫፉ ወደ ላይ የሆነ፣ ቀይ ጠርዝ ያለው ሦስት ማዕዘን «ከፊትህ የሚያሰጋ ነገር አለ፣ ተዘጋጅ» ማለት ነው። ክቡ ያዛል ወይም ይከለክላል፣ አራት ማዕዘኑ ደግሞ መረጃ ይሰጣል። እ.ኤ.አ. በ1968 በቪየና የተደረገው የመንገድ ምልክቶች ስምምነት ለማስጠንቀቂያ ሁለት ቅርጾችን ይፈቅዳል፤ አንደኛው ይህ ሦስት ማዕዘን ሲሆን ሁለተኛው በጫፉ የቆመ ቢጫ ካሬ ነው። «ቁም» የሚለው ብቻ ስምንት ማዕዘን የሆነው ጭቃ ቢሸፍነው ወይም ከጀርባው ቢታይ እንኳን ከሌላው እንዳይምታታ ነው። ለተማሪዎችሽ ምልክቶቹን ያለ ሥዕል፣ ቅርጻቸውን ብቻ በካርቶን ቆርጠሽ ብታሳዪያቸው ቶሎ ይገባቸዋል።

ጥያቄ (የሚኒባስ ሹፌር፣ ከኮምቦልቻ)፦ አንዳንድ ቦታ ሁለት ልጆች ያሉበትን ሦስት ማዕዘን፣ ሌላ ቦታ ሰው ሲሻገር የሚታይበትን ሰማያዊ ካሬ አያለሁ። ልዩነታቸው ምንድን ነው?

መልስ፦ ሰማያዊው «ማቋረጫው እዚህ ነው» ብሎ ዜብራውን ራሱን ያመለክታል። ልጆች ያሉበት ሦስት ማዕዘን ግን ስለ አንድ መስመር ሳይሆን ስለ አካባቢው ይናገራል፤ ልጆች ከበር፣ ከመጫወቻ ሜዳ፣ ከቆመ ባጃጅ ኋላ ሊወጡ እንደሚችሉ ያስጠነቅቃል። ወንድሜ፣ ዜብራ አላየሁምና ፍጥነት አልቀንስም ማለት የምልክቱን ትርጉም መሳት ነው።

ጥያቄ (የሥዕል ተማሪ፣ ከደሴ)፦ በምልክቱ ላይ ያሉት ልጆች ፊት የላቸውም፣ ልብሳቸውም ዝርዝር የለውም። ሥዕሉን እንዲህ አድርጎ የሠራው ማን ነው?

መልስ፦ በየአገሩ ያለው ሥዕል የተለያየ ነው፤ ታሪኩ በደንብ የሚታወቀው ግን የእንግሊዙ ነው። በዚያ አገር ቀድሞ የትምህርት ቤት ምልክት የሚነድ ችቦ ነበር፤ የዕውቀት ብርሃን ለማለት ነው። ሐሳቡ ያማረ ቢሆንም፣ የሚበርር ሹፌር ችቦ አይቶ ልጅ እስኪያስብ ድረስ ጊዜው ያልፍበታል። በኋላ ቆብ ያደረገና ቦርሳ ያነገበ ወንድ ልጅ ሴት ልጅን እየመራ ሲሄድ የሚያሳይ ሥዕል መጣ። ማርጋሬት ካልቨርት የተባለች ንድፍ ሠሪ ከባልደረባዋ ከጆክ ኪኔር ጋር ሆና የአገሪቱን ምልክቶች እንደገና ስትነድፍ ይህን ገለበጠችው፦ ትልቋ ሴት ልጅ ትንሹን ወንድ ልጅ እጁን ይዛ ትመራለች። የልጅቱን መልክ የወሰደችው ከራሷ የልጅነት ፎቶግራፍ ነው። አዲሶቹ ምልክቶች እ.ኤ.አ. በ1965 ሥራ ላይ ዋሉ።

ቆቡና ቦርሳው የቀሩት የአንድ ዓይነት ትምህርት ቤት ልጆችን ብቻ የሚያስታውሱ ስለነበሩ ነው። ፊቱ የቀረበት ምክንያት ደግሞ ዓይንና አፍ ከሩቅ ተደባልቀው ጥቁር ነጥብ ከመሆን ስለማያልፉ ነው። ከሩቅ የሚነበበው የአካል ጥላ ነው፤ የእግር ርምጃ፣ የተያያዘ እጅ፣ የቁመት ልዩነት። እኔ በግሌ ከሁሉም የምወደው የተያያዘውን እጅ ነው። ከደሴ ወደ ኩታበር በሚወስደው መንገድ ዳር ጧት ብትቆም፣ ታላቅ እኅት የታናሽ ወንድሟን እጅ ይዛ አንዴ ወደ ግራ አንዴ ወደ ቀኝ ስታይ ታገኛታለህ፤ ሥዕሉ እሷው ናት።

ጥያቄ (ስም ያልጠቀሱ)፦ በአሜሪካ ያለች እኅቴ የላከችልኝ ፎቶ ላይ የትምህርት ቤቱ ምልክት አምስት ማዕዘንና አረንጓዴ ቢጫ ነው። ለምን ተለየ?

መልስ፦ አሜሪካኖች እ.ኤ.አ. በ1971 ለትምህርት ቤት ለብቻው አምስት ማዕዘን መደቡ። የሚያበራው አረንጓዴ ቢጫ ቀለም በኋላ የመጣ ሲሆን እ.ኤ.አ. በ2009 ግዴታ ሆነ። ይህ ቀለም ለዓይናችን የማይታየውን የፀሐይ ጨረር ወደሚታይ ብርሃን ስለሚለውጥ፣ በደመናና በማለዳ ከሌላው ጎልቶ ይታያል። ጉም ከጦሳ ተራራ ወርዶ ከተማዋን በሚሸፍንበት ጧት ይህን ዘወትር አስባለሁ። ሌሊት ግን ይህ ቀለም ብቻውን አይረዳም፤ የመኪናን መብራት ወደመጣበት የሚመልስ ሽፋን ያስፈልጋል።

ጥያቄ (ወላጅ፣ ከውጫሌ)፦ በልጆቻችን ትምህርት ቤት በር ላይ ምልክቱ ተተክሏል፣ ሹፌሮች ግን ፍጥነት አይቀንሱም። ምልክቱ ምን ጎደለው?

መልስ፦ ምናልባት የጎደለው ቦታው ነው። በበሩ ላይ የተተከለ ማስጠንቀቂያ ዘግይቷል። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በሰከንድ 14 ሜትር ያህል ይጓዛል። ሹፌሩ ልጅ አይቶ እግሩን ፍሬን ላይ እስኪያሳርፍ አንድ ሰከንድ ቢፈጅበት 14 ሜትር አለፈ፤ በደረቅ አስፋልትና በጥሩ ፍሬን ለመቆም ደግሞ ሌላ 14 ሜትር ያህል ይፈልጋል። በ30 ኪሎ ሜትር የሚሄደው ግን በጠቅላላው 13 ሜትር ገደማ ላይ ቆሟል። ፈጣኑ ገና ፍሬን በሚነካበት ርቀት ላይ ዝግተኛው ቆሟል ማለት ነው። ይህ ሜዳ ላይ ነው፤ እንደ ሐረጎ ባለ ቁልቁለት፣ በዝናብ፣ ጭነት በያዘ መኪና ርቀቱ እጅግ ይረዝማል።

ባለፈው ክረምት በአንድ መንገድ ዳር የቆመ ምልክት አጠገብ ቆሜ አየሁ። ቀዩ ጠርዝ በፀሐይ ነጥቶ ሮዝ ሆኗል፤ የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ የትንሹን ልጅ ሥዕል ሸፍኖታል። ከመታጠፊያው ወደ ምልክቱ በርምጃ ብለካው 18 ርምጃ ሆነ። ከመታጠፊያው ብቅ የሚል ሹፌር በዚህ ርቀት ምን ሊያደርግ ይችላል? የወላጅ ኮሚቴው ርቀቱን ለክቶ፣ ፎቶ አንሥቶ፣ ምልክቱ ከመታጠፊያው በፊት እንዲዛወርና የፍጥነት መቀነሻ ጉብታ እንዲጨመር ለከተማው አስተዳደር በጽሑፍ ቢያመለክት ጥሩ ነው። ቅርንጫፉን መቁረጥ ግን ደብዳቤ አያስፈልገውም።

ጥያቄ (የተማሪ ትራፊክ አስተባባሪ፣ ከወልድያ)፦ ልጆቻችን የሚይዙትን የ«ቁም» ምልክት መቼ ነው ከፍ የሚያደርጉት?

መልስ፦ ልጆች ከመንገዱ ዳር ተሰልፈው ሳይንቀሳቀሱ፣ መኪናው ገና ሩቅ ሳለ። ተማሪው በጠርዙ ላይ ሆኖ ያሳያል፤ በሁለቱም አቅጣጫ መኪኖቹ ፈጽመው መቆማቸውን፣ ጎማቸው አለመዞሩን ካየ በኋላ ብቻ ጓደኞቹን ያሳልፋል። ከተቻለ መምህር ወይም ትራፊክ ፖሊስ አጠገቡ ይቁም። ምልክቱም የመጨረሻው ልጅ ከአስፋልቱ ወጥቶ እስኪያልፍ ድረስ አይወርድም።