ከምርጫ በኋላ ሕጉ መቼ ይቀየራል?

ጥያቄ፦ ሜክሲኮ አካባቢ የመኪና መለዋወጫ እያስመጣሁ እሸጣለሁ። «ምርጫው ካለፈ የታክሱም የዶላሩም ሕግ ይቀየራል» ስለሚባል አዲስ ዕቃ ማዘዝም የሱቅ ኪራይ ማደስም አስፈርቶኛል። ለውጡን ቀድሞ ማወቅ ይቻላል? (አስመጪ፣ ከሜክሲኮ)

መልስ፦ ይዘቱን በእርግጠኝነት ማወቅ አይቻልም፤ መቼና በየት በኩል እንደሚመጣ ግን በአብዛኛው መገመት ይቻላል። ለእርስዎ ሥራ ዋናው ደግሞ ይኸው ነው።

በ2013 ድምፅ የተሰጠው ሰኔ 14 ሲሆን መንግሥት የተመሠረተው መስከረም 24 ቀን 2014 ነው። ስለዚህ በክረምቱ ከአዲሱ ምክር ቤት አዋጅ አይጠብቁ። በጀቱም ቢሆን ጊዜውን የሚጨርሰው የቀድሞው ምክር ቤት ሥራ ነው። የ2014ን 561.7 ቢሊዮን ብር ያጸደቀው ተሰናባቹ ምክር ቤት ነበር፤ አዲሱ በገንዘብ በኩል የራሱን ውሳኔ ያሳየው ጥር ላይ 122 ቢሊዮን ብር ተጨማሪ በጀት ሲያጸድቅ ነው።

ቶሎ የሚቀየረው የመሥሪያ ቤቶች አደረጃጀት ነው። በአዋጅ 1263/2014 ሚኒስቴሮቹ 22 ሆኑ፤ ንግድና ኢንዱስትሪ ለሁለት ተከፈለ፣ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ወደ ፍትሕ ሚኒስቴር ተለወጠ። እንዲህ ሲሆን ፋይል ከቢሮ ወደ ቢሮ ይዞራል፣ ፈራሚውም ይቀየራል፣ ጉዳይ ይጓተታል። ንግድ ፈቃድዎን ታኅሣሥ እስኪያልቅ ሳይጠብቁ ሐምሌና ነሐሴ ላይ ያድሱት።

ብዙ ነጋዴ የሚሳሳተው ግን ትልቁን ለውጥ ከምርጫው ማግሥት ሲጠብቅ ነው። የውጭ ምንዛሪው ለውጥ የመጣው ሐምሌ 22 ቀን 2016፣ ከምርጫው ሦስት ዓመት በኋላ ነበር። በ57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ከ100 ብር አለፈ። ፍንጩ ያለው ከምረጡኝ ቅስቀሳው ሳይሆን ከዓለም አቀፉ የገንዘብ ድርጅት (አይኤምኤፍ) ጋር ከተደረገው ድርድር ነው፤ የመጣውም በአዋጅ ሳይሆን በብሔራዊ ባንክ መመሪያ ነው። የውጭ ባንኮችን ያስገባው አዋጅም የገቢ ግብር ማሻሻያውም የ2017 ናቸው። ምርጫው አልፎ ዓመት ሙሉ ምንም ካልመጣ፣ ያኔ ነው የበለጠ መንቃት ያለብዎት።

ስለዚህ ንግዱን አያቁሙ፣ ውሉን ያጥብቁ። የዋጋ ማቅረቢያዎ ላይ የሚጸናበትን ቀን ይጻፉ፤ ረጅም ሽያጭ ከሆነ ምንዛሪው ሲለወጥ ዋጋው እንዴት እንደሚሰላ ያስገቡ። የ2016ቱ የኪራይ ቁጥጥር አዋጅ የመኖሪያ ቤትን እንጂ ሱቅን አይመለከትም። የሱቅዎን ጭማሪ፣ አዲስ ታክስ ቢመጣ ማን እንደሚከፍልና የማስለቀቂያ ማስጠንቀቂያውን የሚወስንልዎት በዋናነት ውሉ ነው።

ጥያቄ፦ ቴሌግራም ላይ «ሕጉ ጸደቀ» ሲባል በማግሥቱ ደረሰኝ በአዲሱ ተመን ልቁረጥ? (የሒሳብ ሠራተኛ፣ ከፒያሳ)

መልስ፦ በፍጹም። የሚኒስትሮች ምክር ቤትን መግለጫ እስከ መጨረሻው ያንብቡ። «ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት እንዲመራ ወሰነ» ካለ ገና ረቂቅ ነው፤ «በነጋሪት ጋዜጣ ታትሞ ከሚወጣበት ቀን ጀምሮ» ካለ የሚኒስትሮች ምክር ቤት ራሱ የሚያወጣው ደንብ ነው፣ የቀረው ኅትመት ብቻ ነው። ተወካዮች ምክር ቤትም ዘንድ «ለዝርዝር እይታ ለቋሚ ኮሚቴ ተመራ» ማለት ጸደቀ ማለት አይደለም። አንድ ሠራተኛ ይህን ሳያጣራ በረቂቁ ተመን ሒሳብ ከሠራ የወሩ የታክስ ማሳወቂያ በሙሉ ይበላሻል።

ከጸደቀም በኋላ ፕሬዚዳንቱ የሚፈርሙበት 15 ቀን አለ፤ ካልፈረሙም ሕጉ ሥራ ላይ ይውላል። ጋዜጣው ሲወጣ መጀመሪያ የመጨረሻውን አንቀጽ ይክፈቱ፤ የሚጸናበት ቀን እዚያ ነው፣ ከፍ ብሎ ደግሞ የመሸጋገሪያ ድንጋጌው አለ። መሥሪያ ቤት የሚያወጣው መመሪያ ከሆነ በፌዴራል የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ 1183/2012 መሠረት ረቂቁ ለአስተያየት መቅረብ፣ ከዚያም በፍትሕ ሚኒስቴር መመዝገብ አለበት። የመዝገብ ቁጥሩን ይጠይቁ።

ጥያቄ፦ የፓርቲ ማኒፌስቶ ማንበብ ይጠቅማል? (ከአራት ኪሎ)

መልስ፦ ለአቅጣጫ አዎ፣ ለቀን ግን አይሆንም። መስከረም መጨረሻ ላይ ፕሬዚዳንቱ ምክር ቤቱን ሲከፍቱ የሚያሰሙት ንግግር የዓመቱን ዕቅድ ስለሚይዝ ይበልጣል፤ በኋላ ምክር ቤቱ በዚያ ንግግር ላይ በሚወያይበት የድጋፍ ሞሽን (የውሳኔ ሐሳብ) ጠቅላይ ሚኒስትሩ የሚሰጡትን መልስ ይጨምሩበት። መሬት፣ ግንባታና የመንገድ ዳር ንግድ ከሆነ ጉዳይዎ ግን የከተማውን ምክር ቤት ይከታተሉ፤ አዲስ አበባ የራሷ ምርጫና የራሷ በጀት አላት።